‹ተላመደ›፣ ‹ተቋቋመ›፣ ‹ቻለ›፦ በተሕዋስያንና በዕፅዋት ጥናት የሦስት ግሶች አገባብ

በሕክምናና በግብርና ሙያ በአማርኛ የሚጻፉትን ጽሑፎች ስንከታተል ደጋግሞ የሚያጋጥመን አንድ ስያሜ አለ፤ ይኸውም ‹መድኃኒት የተላመደ ቲቢ› የሚለው ነው። በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይነበባል፤ በራዲዮ ይነገራል፤ ሐኪሙም ታማሚውም ይጠቀሙበታል። ሥራ ላይ ከዋለ ረጅም ጊዜ በመሆኑ መለስ ብሎ የሚመረምረው ሰው ጥቂት ነው። እኛ ግን የቃሉ አመራረጥ ስሕተት ነው እንላለን፤ ስሕተቱም በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም።

‹ለመደ› የሚለው ግስ የሚያመለክተው አንድ ሕያው ፍጡር አስቀድሞ እንግዳ የነበረበት ነገር በመደጋገም ብዛት እንግድነቱ የሚቀርለት መሆኑን ነው። ሕፃን ትምህርት ቤት ይለምዳል፤ ወይፈን ቀንበር ይለምዳል፤ ምላስ ቅመም ይለምዳል። ‹ተላመደ› ደግሞ የዚሁ ግስ የእርስ በርስ መልክ ነው፤ ሙሽሮች ይላመዳሉ፤ አዲስ የመጣ ውሻ ከቤቱ ድመት ጋር ይላመዳል። እንግዲህ ቃሉ ሦስት ነገሮችን አዝሏል፦ መጀመሪያ ያልለመደ አንድ አካል መኖሩን፣ ያው አካል በመገናኘት ብዛት መለወጡን፣ በመጨረሻም በሁለቱ መካከል አንድ ዐይነት ስምምነት መፈጠሩን። በዚህ ላይ ሐረጉ የተሳቢ ምልክት ስለሌለው ማን ማንን እንደ ተላመደ አይለይም። ‹ቲቢ› የበሽታው ስም እንጂ የተሕዋሲው ስም አይደለምና፣ አድማጩ የድርጊቱን ባለቤት ሲፈልግ በቅርብ የሚያገኘው ታማሚውን ነው።

ይህ ግምት ብቻ እንዳይመስል፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ጤና ጣቢያ ተራ ስንጠብቅ ያደመጥነውን እንጥቀስ። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ሴት ልጃቸውን ይዘው ቀርበው ነበር። ነርሷ የምርመራውን ውጤት ከነስያሜው ስትነግራቸው፣ «ልጄ፣ ይህች ልጅ እኮ በዕድሜዋ የቲቢ ክኒን አፏ ገብቶ አያውቅም፤ ያላየችውን መድኃኒት እንዴት አድርጋ ትላመደዋለች?» ሲሉ ጠየቋት። ነርሷም «እማማ፣ የተላመደው በሽታው ነው እንጂ እሷ አይደለችም» አለቻቸው። «ታዲያ በሽታው ያደረው እሷ ላይ አይደል? መድኃኒቱን የት አግኝቶ ተላመደው?» አሉ። ነርሷ ብዙ ደከመች፤ እናትየዋ ግን ምርመራው የሌላ ሰው ነው በሚለው ጸኑ። እኛ የታዘብነው የእናትየዋን የአማርኛ ዕውቀት ነው። ከቃሉ ተነሥተው የደረሱበት መደምደሚያ ትክክለኛ ነበር፤ የተሳሳተው ቃሉ ነው። መድኃኒት የማይገድለው የቲቢ ባክቴሪያ እንደማንኛውም ቲቢ በትንፋሽ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋልና፣ አንድ ክኒን እንኳ ያልዋጠ ሰው ከመነሻው በዚሁ ዐይነት ሊያዝ ይችላል። ስያሜው የሚሰውረው ይህንን ዋና ቁም ነገር ነው።

አሁን ወደ ሳይንሱ እንለፍ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) ተሕዋስያን መድኃኒትን ‹ይለምዳሉ› ወይስ አይለምዱም የሚለው ጥያቄ የቋንቋ ሰዎች የፈጠሩት አይደለም። በ1943 ሳልቫዶር ሉሪያና ማክስ ዴልብሩክ ባክቴሪያን ከሚገድል ቫይረስ ጋር በማገናኘት ጥያቄውን በሙከራ መርምረውታል። አሳባቸው ቀላል ነበር። ባክቴሪያዎቹ ቫይረሱን ሲያገኙ ብቻ የሚለወጡ ቢሆን፣ በልዩ ልዩ ብልቃጥ ከተራቡት ባክቴሪያዎች የሚተርፉት ቍጥር ተቀራራቢ መሆን ነበረበት። የታየው ግን ሌላ ነው፤ በአብዛኛው ብልቃጥ ምንም ወይም ጥቂት ሲተርፍ፣ በአንዳንዱ እጅግ ብዙ ተረፈ። ይህም ለውጡ ቫይረሱ ከመምጣቱ በፊት በመራባት ላይ ሳሉ እንዲያው በአጋጣሚ የደረሰ መሆኑን አስረዳ፤ ቀደም ብሎ የደረሰበት ብልቃጥ ብዙ ዘር አተረፈ፣ ዘግይቶ የደረሰበት ጥቂት። በ1952 ደግሞ ጆሹዋና ኤስተር ሌደርበርግ በከፋይ ጨርቅ እንደ ማኅተም እየነኩ ባክቴሪያዎችን ከአንድ ሳሕን ወደ ሌላው በማዛወር፣ ስትሬፕቶማይሲን ፈጽሞ ነክቷቸው የማያውቅ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱ የማይገድላቸው ሆነው እንደሚገኙ አሳዩ። ለእናትየዋ ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም፤ መድኃኒቱን የትም አላገኘውም።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ምርምር ነገሩን ይበልጥ አጥብቆታል። በ2011 የካናዳ ተመራማሪዎች በዩኮን ምድር 30,000 ዓመት ያህል በረዶ ሆኖ ከኖረ አፈር ውስጥ፣ ዛሬ በሐኪም ቤት የምንሠራባቸውን መድኃኒቶች የሚያመክኑ ዘረ መሎች አገኙ፤ ከእነዚህም አንዱ ቫንኮማይሲንን የሚመለከት ነው። መድኃኒቱን ለመቀመም የሚችል ሰው ከመኖሩ በፊት ማለት ነው። የቲቢው ሪፋምፒሲን ሥራውን የሚሠራው ተሕዋሲው የዘር መልእክቱን የሚገለብጥበትን ኢንዛይም በመያዝ ሲሆን፣ በኢንዛይሙ ዘረ መል ውስጥ ከፊደላቱ አንዷ ብትለወጥ መድኃኒቱ መጨበጫ ሊያጣ ይችላል። ያችን ፊደል የለወጣት መድኃኒቱ አይደለም፤ የመድኃኒቱ ድርሻ ሌሎቹን ገድሎ ለዚያኛው ቦታ መልቀቅ ነው። ታማሚው ክኒኑን በመሐል ሲያቋርጥ የሚደርሰውም ጉዳት ከዚህ መዋቅር ነው የሚመነጨው። እርግጥ ነው፣ አንዳንድ ባክቴሪያዎች መድኃኒት ሲነካቸው መከላከያ ኢንዛይም አብዝተው ማመንጨት ይጀምራሉ፤ ይህን ‹መላመድ› ብለን ብንጠራው ብዙ አንነቀፍም። ዋናው ጉዳይ ግን ይህ አይደለም። በ2019 መድኃኒት በማይበግራቸው ባክቴሪያዎች ሳቢያ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዓለም እንደ ሞቱ በ2022 የወጣው ጥናት ገምቷል፤ እንዲህ ያለ ነገር ስሙ ሊጣራ ይገባዋል።

ሁለተኛው ግስ ‹ተቋቋመ› ነው። ‹መድኃኒትን የተቋቋመ ተሕዋሲ›፣ ‹በሽታን የሚቋቋም ስንዴ›፣ ‹ድርቅን የሚቋቋም ማሽላ› ይባላል። ግሱ ከ‹ቆመ› የተገኘ ነው፤ ድርጅትም ‹ይቋቋማል›፣ ይህን ግን ዐውዱ ስለሚለየው አንጨነቅበትም። የሚያስጨንቀን ሦስት የተለያዩ ሁነቶችን በአንድ ከረጢት መክተቱ ነው።

ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ይህንኑ ከረጢት መፍታት ግድ ሆኖባቸዋል። በ2019 ናታሊ ባላባንና በርካታ ባልደረቦቿ ባወጡት የትርጓሜ ስምምነት ሦስት ነገሮችን ለይተዋል። አንደኛው ተሕዋሲ መድኃኒቱ እያለ ይራባል፤ እርሱን ለማቆም መጠኑ መጨመር አለበት። ሁለተኛው አይራባም፤ ግን ቶሎ አይሞትም፤ መጠኑ ሳይሆን ጊዜው ነው የሚያስፈልገው። በሦስተኛው፣ ብዙኃኑ ፈጥኖ ሲያልቅ ጥቂቶች ብቻ እንደ ደነዘዙ ይተርፋሉ። ይህን የመጨረሻውን ጆሴፍ ቢገር በ1944 ፔኒሲሊን ላይ ሲሠራ አስተውሎት ነበር። የባላባን ቤተ ሙከራ በ2014 እንዳሳየው፣ ባክቴሪያዎች በየቀኑ ለተወሰነ ሰዓት መድኃኒት ውስጥ ሲከተቱ፣ ከትውልድ በኋላ ከእንቅልፋቸው የሚነቁበት ጊዜ ከመድኃኒቱ ቆይታ ጋር የተመጣጠነ ሆኖ ተገኘ። ዝናም እስኪያባራ ከዛፍ ሥር እንደሚጠለል መንገደኛ ናቸው፤ ከዝናሙ ጋር አልተጣሉም፣ አልተቋቋሙትምም። በ2017 ደግሞ የመጀመሪያው ዐይነት የሚወለደው ብዙ ጊዜ ከሁለተኛው ተነሥቶ መሆኑ ታየ። እንግዲህ ሁለቱን ‹የተቋቋመ› ብሎ የሚተረጕም የአማርኛ ጸሐፊ፣ «የተቋቋመው ከተቋቋመው ተወለደ» ሊል ነው።

እዚህ ላይ ‹ቻለ› ይድረስልን። «ብርድ ይችላል»፣ «ረኃብ ይችላል»፣ «ቁጣውን ችሎ አደረ» ስንል ሰውየው አሸነፈ ማለታችን አይደለም፤ ጉዳቱ ደርሶበት ሳይሞት ቆየ ማለታችን ነው። ለሁለተኛው ዐይነት ከዚህ የተሻለ ግስ በአማርኛ አናውቅም። ‹ታገሠ› ከሥነ ምግባር ጋር የተያያዘ ስለሆነ ለባክቴሪያ ይከብዳል።

በዕፅዋት ዘንድም ልዩነቱ ያው ነው፤ እንዲያውም ይበልጥ ይገለጣል። የድርቅ ተመራማሪዎች ሦስት መንገዶችን ይለያሉ። አንዳንዱ ተክል ዝናሙ ሳያቋርጥ ፈጥኖ አፍርቶ ያመልጣል። አንዳንዱ ሥሩን አርቆ ሰድዶ፣ ቅጠሉን ጠቅልሎ ውኃ እንዳያጣ ይጠነቀቃል። አንዳንዱ ግን በእርግጥም ይደርቃልና ድርቀቱን ይችላል። የጤፍ ዘመድ የሆነችው የደቡባዊ አፍሪቃ ሣር ኤራግሮስቲስ ኒንዴንሲስ ቅጠሏ ጨርሶ ደርቆ ውኃ ሲያገኝ መልሶ ይለመልማል። ጤፍ ራሱ ይህን አይችልም። ‹ድርቅን የሚቋቋም› የሚለው ሐረግ የሁለቱን ሣሮች ዕጣ ሊለይልን አይችልም። ገበሬው ደግሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ቶሎ ደራሽ ነው ወይስ ውኃ ጥም ቻይ? ሁለቱ ዘሮች በአንድ ቀን አይዘሩም።

‹መላመድ› ትክክለኛ ቦታውን የሚያገኘውም በዚህ መስክ ነው። አንድ ተክል ቀስ በቀስ ቅዝቃዜ ቢቀምስ፣ ኋላ የሚመጣው ውርጭ እንደ ወትሮው አይገድለውም። ዘረ መሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ያው ተክል ነው። በ2012 የኔብራስካ ተመራማሪዎች አራቢዶፕሲስ የተባለችው ትንሽ ተክል አንድ ጊዜ ውኃ ተነፍጓት ካገገመች በኋላ ሁለተኛ ስትነፈግ ውኃዋን የምታጣው ዝግ ብላ መሆኑን አሳይተዋል። ወይፈኑ ቀንበር እንደሚለምድ ነው። የሚገርመው፣ ቃሉ በሚገባበት በዚህ ስፍራ ጸሐፊዎቻችን ‹መቋቋም› እያሉ፣ በማይገባበት በቲቢው ላይ ‹መላመድ› ማለታቸው ነው።

‹መቋቋም›ን ለዕፅዋት በሽታ ብንተውለት ደግ ነው፤ ይሁንና እዚያም ጥንቃቄ ያሻዋል። ቁብሳ የተባለው ስንዴ በ2010 በቢጫ ዋግ፣ ዲገሉ ደግሞ በ2013ና በ2014 በአገዳ ዋግ ሲመታ፣ «ዘሩ መቋቋሙን አጣ» ተባለ። ዲገሉ ያጣው ነገር አልነበረም። ቀድሞ ለተዘጋጀበት ለዩጂ99 ያለው መከላከያ እንዳለ ነበር፤ የመጣው ሌላ የዋግ ዘር ነው። ስለዚህ ‹የሚቋቋም› ሲባል ማንን የሚለው አብሮ መጻፍ አለበት። የገብስ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። ዱቄት መሰሉን የቅጠል ሻጋታ የሚከላከለው ኤምኤልኦ የተባለው የገብስ ዘረ መል መልክ፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ የገብስ ዘር ተገኝቶ፣ ከ1979 ጀምሮ በአውሮፓ ማሳዎች ላይ ውሏል፤ ሻጋታውም እስካሁን በረባ ሁኔታ አልደፈረውም። ምክንያቱ ሲመረመር፣ ገብሱ የሚዋጋበት መሣሪያ ጨምሮ አይደለም፤ ሻጋታው ይገባበት የነበረውን በር ማጣቱ ነው። ይህንንም ‹መቋቋም› እንበለው? ‹አለመያዝ› ይቀርበዋል ባይ ነን፤ አርሶ አደሩም «ይህ ገብስ በሽታ አይዘውም» ቢባል ያለ አስተርጓሚ ይገባዋል።

ስለ ‹ስትሬስ› ጥቂት ብቻ እንበል። ‹የዕፅዋት ጭንቀት› የሚለው ትርጉም ተክሉን ልብ ያስገጥመዋል። ያኮብ ሌቪት በ1972 በጻፈው መጽሐፍ ጽንሰ ሐሳቡን የወሰደው ከሰው ስሜት ሳይሆን ከመካኒክስ ነውና፣ ‹ጫና› ይበቃል፤ ጫናው ተክሉን ሲጎዳው ‹ጠወለገ›፣ ‹ጫጨ›፣ ‹ቆረቆዘ› የሚሉትን የገበሬውን ቃላት ከማሳው መቀበል ነው።

ለቲቢው ምን እንበል? በእኛ አስተያየት ‹መድኃኒት የማይበግረው ቲቢ› ማለቱ ይሻላል። «እሳት የማይበግረው»፣ «ጥይት የማይበግረው» እንደምንለው ሁሉ፣ ሐረጉ መድኃኒቱ አልሠራም ከማለት አልፎ እንዴት እንደዚያ ሆነ የሚለውን ታሪክ አይፈጥርም፤ ታማሚውንም አይወቅስም። ተሳቢውና ባለቤቱም በግሱ ላይ በግልጽ ይታያሉ። ‹አይበገሬ› የሚለውን ቅጽል ግን አንደግፍም፤ ለጀግና የተሰጠ ውዳሴ ነው፣ ለባክቴሪያ ስንሰጠው ጆሯችንን ይቀፈዋል። ‹ቻይ› ለሁለተኛው ዐይነት ይሁን።

ለሦስተኛው፣ ማለትም ከብዙኃኑ መካከል ደንዝዘው ለሚቀሩት ጥቂቶች ‹ተራፊ› የሚለውን አሰብን፤ ሆኖም ‹ተራፊ› ከመድኃኒቱ በኋላ የቀረውን ሁሉ፣ የማይበገረውንም ጭምር ስለሚያጠቃልል አላረካንም። ‹አድፋጭ› ተባለ፤ ይህ ደግሞ ተንኰል አለበት፣ ባክቴሪያው ግን ተንኰል አያውቅም። በገጠር ከአረም በኋላ አፈር ውስጥ ቈይቶ በሚቀጥለው ክረምት ለሚበቅል ዘር የሚነገር ቃል ያላችሁ አንባብያን ብትጽፉልን፣ በሚቀጥለው እትም ከነአገሩ እናወጣዋለን።