ፊርማ የሚጠብቅ ፍርድ፦ የሞት ቅጣት በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የሞት ፍርድ ይሰጣል፤ የሚፈጸመው ግን ከስንት አንዴ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 15 በሕይወት የመኖርን መብት ደንግጎ፣ በሕግ በተወሰነ ከባድ ወንጀል የሚጣለውን ቅጣት ብቻ ለይቶ ያስቀራል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 117 ደግሞ በሩን ያጠብበዋል። ወንጀሉ ከባድና ፍጻሜ ያገኘ፣ ወንጀለኛው በተለይ አደገኛና ድርጊቱን ሲፈጽም 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ቅጣት የሚያቀል ምክንያት ከተገኘም ፍርዱ አይሰጥም። በአደባባይ መስቀል ተከልክሏል። በተግባር ከሁሉ የሚከብደው ግን ርዕሰ ብሔሩ ሳያጸድቀው ማንም አይገደልም የሚለው ነው።

ለሂስ የሚጋብዘውም ይኸው ፊርማ ነው። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ መፈጸማቸው በይፋ የታወቁት የሞት ፍርዶች ሁለት ሲሆኑ፣ አንደኛው በ1988 ዓ.ም. በተገደሉት በጄኔራል ሐየሎም አርአያ፣ ሌላው በ1993 ዓ.ም. በተገደሉት በደኅንነት ሹሙ በክንፈ ገብረ መድኅን ጉዳይ የተሰጡ ናቸው። ሁለተኛው ፍርድ በ1999 ዓ.ም. ተፈጸመ። በሁለቱም ሟቾቹ የመንግሥት ታላላቅ ሰዎች ነበሩ። ገበሬ ወይም ነጋዴ ገድሎ ሞት የተፈረደበት ሰው ፋይል ግን ፊርማ ሳያገኝ ይቆያል። ቅጣቱ የወንጀሉን ክብደት ሳይሆን የሟቹን ማዕረግ የሚከተል ከመሰለ፣ ለሞት ቅጣት የሚቀርበው ዋነኛ መከራከሪያ፣ ማለትም የተመጣጠነ ፍትሕ፣ መሠረቱ ይናጋል።

የደርግ ባለሥልጣናት ጉዳይ ከዚህ ይልቅ ውስብስብ ነው። ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደ ስድሳ የሚጠጉ ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ፤ የራሱ ሹማምንት ግን ከአሥር ዓመት በላይ በፈጀ ችሎት ተዳኙ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ዕድሜ ልክ የፈረደባቸውን ዋና ዋናዎቹን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2000 ዓ.ም. በሞት እንዲቀጡ ወሰነ። የሃይማኖት አባቶች አቤቱታ ካቀረቡ በኋላ ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በ2003 ዓ.ም. የ23ቱን ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እሥራት ለወጡት።

ከነዚህ ሁሉ የሚለየው በአዲስ አበባው የጣልያን ኤምባሲ የተጠለሉት ጉዳይ ነው። የደርግ ሹማምንት የነበሩት ብርሃኑ ባይህና አዲስ ተድላ በ1983 ዓ.ም. ግቢው ገብተው፣ በሌሉበት ሞት ተፈረደባቸው። ጣልያን ሞት የሚጠብቀውን ሰው አሳልፋ አትሰጥምና ችሎቱ የሚቀመጥባት ከተማ ውስጥ እያሉ ፍርዱ ሳይደርስባቸው ወደ ሠላሳ ዓመት ኖሩ። በ2013 ዓ.ም. ቅጣታቸው ወደ ዕድሜ ልክ ተለውጦ ወዲያው በአመክሮ ተለቀቁ። እዚህ ላይ የሞት ቅጣቱ ተከሳሾቹን ከፍርድ የሚጋርድ ጋሻ ሆነ። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2007 የሞት ቅጣትን ስትሰርዝ ከገፋፏት ምክንያቶች አንዱ ይህን መሰሉ እንቅፋት ነበር፤ የአሩሻው ዓለም አቀፍ ችሎት የዘር ማጥፋት ተከሳሾችን ሞት ወደሚፈረድበት አገር አይልክም ነበርና።

የፖለቲካ ክሶች ሌላ አደጋ ያሳያሉ። ተቃዋሚው ፖለቲከኛ አንዳርጋቸው ጽጌ በ2002 ዓ.ም. በሌሉበት ሞት ተፈርዶባቸው፣ በ2006 ዓ.ም. ከየመን ተይዘው መጡ፤ በ2010 ዓ.ም. ተፈትተው ቤተ መንግሥት ተጋበዙ። ፍርዱ በጊዜው ተፈጽሞ ቢሆን ኖሮ የሚታረምበት መንገድ አይኖርም ነበር።

ቅጣቱ ይቆይ የሚሉት ወገኖች ክርክር ቀላል አይደለም። ገዳይ ካልተቀጣ የሟች ዘመድ ደሙን ለመመለስ ይነሣል የሚለው ስጋት በብዙ አካባቢ እውነት ነው። የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን እንኳ፣ የገዛ አገራቸው በመደበኛ ወንጀል የሞት ቅጣትን ትታ ሳለ፣ በረቂቃቸው አካተውታል። የስረዛው ተቃዋሚዎች ጠንካራ ነጥብ ግን ከአመክሮ ሕጉ ጋር የተያያዘ ነው፦ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው ሃያ ዓመት ከታሰረ በኋላ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። የሞት ቅጣትን የሚሰርዝ ሕግ ይህን አንቀጽ እንዳለ ከተወው፣ በጅምላ ጭፍጨፋ ለተፈረደበትና በአንድ ነፍስ ለተጠየቀው የሚሰጠው መልስ አንድ ይሆናል። ስለዚህ ስረዛው ከአመክሮ ድንጋጌው ማሻሻያ ጋር አብሮ መምጣት ይኖርበታል።

ለዚህ ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል አያስፈልግም። አንቀጽ 15 የሞት ቅጣትን ይፈቅዳል እንጂ አያስገድድም። በሰብእና ላይ ለሚፈጸሙ ወንጀሎች ይቅርታና ምሕረትን የሚከለክለው አንቀጽ 28ም ቢሆን፣ ርዕሰ ብሔሩ ሞትን ወደ ዕድሜ ልክ እሥራት እንዲለውጥ ሥልጣን ይሰጣል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የወንጀል ሕጉን በአዋጅ ማሻሻል ይበቃዋል።