ሸክም እየጎተቱ መሮጥ፦ 80 በመቶ የምን መጠን ነው?

የአጭር ርቀት ሯጮች በወገባቸው ታስሮ የሚጎተት ሸክም ይዘው መሠልጠናቸው የቆየ ዘዴ ነው። ለረዥም ጊዜ ይመከር የነበረው ቀላል ክብደት ነው፤ ሸክሙ ሲበዛ እርምጃ ያጥራልና። ሎኪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ ከሰውነት ክብደት 32.2 በመቶ የሆነ ሸክም የእርምጃን ርዝመት በ24 በመቶ ገደማ ቀንሶታል።

ይህን ምክር የሞገተው እነ ሞራን እ.ኤ.አ. በ2017 ያቀረቡት ሥራ ነው። አማተር እግር ኳስ ተጫዋቾች የክብደታቸውን 80 በመቶ እየጎተቱ ለ8 ሳምንታት ሠለጠኑ፤ ወደ ፊት የሚገፋው ኃይላቸውም ጨመረ። ጥያቄው ደፋርና ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ተሳታፊዎቹ የማነጻጸሪያው ቡድን ጭምር 16 ብቻ ነበሩ፤ በ20 ሜትር የታየው የሰዓት መሻሻልም አነስተኛ ነው። አዘጋጆቹ ራሳቸው ሥራውን የሙከራ ጥናት ብለውታል፤ ቁጥሩን ቀድተው የሚያዙ አሠልጣኞች ግን ይህን ቃል የሚያነቡት አይመስልም።

ከሁሉ የሚከብደው ጉድለት በመጠኑ አገላለጽ ላይ ነው። አንዱ ሸክም በሣር ላይና በመሮጫ መም ላይ የሚፈጥረው ሰበቃ የተለያየ ስለሆነ፣ መሬቱን ሳይገልጹ 80 በመቶ ማለት የመድኃኒቱን ጥንካሬ ሳይጠቅሱ ሚሊ ሊትር እንደማዘዝ ነው። ሸክሙ የሯጩን ፍጥነት በስንት በመቶ እንደቀነሰ መለካት የተሻለ ነው፤ ለዚህም የሰዓት መቆጣጠሪያና የተለካ ርቀት ይበቃሉ። የጭን ኋላ ጡንቻው ተጎድቶ ወደ ሜዳ ለሚመለስ ተጫዋች ደግሞ ይህ ጥናት መልስ አልያዘም።