ብርሃን የሚያልፍበት ስስ ፕላስቲክ

ደምን በብርሃን ለማከም የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚያስቸግረው ደሙ ራሱ ነው። ቀይ ሴሎች ጨረሩን ውጠው ያስቀሩታል። በሴዛሪ ሕመም፣ ማለትም ቆዳን አቅልቶ እንቅልፍ በሚነሣ ማሳከክ በሚያሠቃየው የሊምፎማ (የነጭ የደም ሴሎች ካንሰር) ዓይነት፣ የታመመው ነጭ ሴል የሚዘዋወረው ደግሞ በዚያው ደም ውስጥ ነው። የአሜሪካው የዬል ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ሪቻርድ ኤደልሰንና ባልደረቦቹ በ1987 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት መፍትሔ ሙያተኛ የሚቀናበት ነው።

ከሕመምተኛው ክንድ የሚወጣው ደም በፍጥነት በሚሽከረከር የፕላስቲክ ዋንጫ ውስጥ ይገባል። ከባዱ ቀይ ሴል ወደ ጠርዙ ይገፋል፤ ፕላዝማው ወደ መሐል ይቀራል። በሁለቱ መካከል እንደ ወተት ስልባቦት የሚሰፍረውን ነጭ ሽፋን መሣሪያው ለይቶ ያስቀረዋል፤ ቀዩ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል።

በተለየው ላይ ሜቶክሲሶራለን ይጨመርበታል። የዚህ መድኃኒት ምንጭ በናይል ዳርቻ የሚበቅል፣ ግብፆች ከጥንት ጀምሮ ቆዳ ለነጣበት ሰው የሚሰጡት ተክል ነው። ብቻውን ሴሉን አይጎዳም፤ ብርሃን ሲያገኝ ግን ከዲኤንኤው ጋር ይቆላለፋል። መጀመሪያ ላይ ሕሙማን መድኃኒቱን በአፍ ይውጡት ነበር፤ ያቅለሸልሻቸው፣ ወደ ደም የሚገባው መጠንም ከሰው ሰው ይለያይ ነበር። በኋላ በቀጥታ በተለየው ደም ላይ መጨመሩ፣ ለእኔ፣ ከሁሉ የላቀ እርማት ነው።

ከዚያ ፈሳሹ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ብቻ ይዞ፣ በጠራ ፕላስቲክ ጠፍጣፋ ቦይ ውስጥ በአልትራቫዮሌት መብራቶች መካከል ያልፋል። የሥራው ጥበብ ያለው እዚህ ስስነት ላይ ነው፤ ቢወፍር ጨረሩ ከላይኛው ሴል አልፎ ወደ ታችኛው አይደርስም ነበር።

የሚገርመው፣ በአንድ ዙር ብርሃን የሚያገኘው ከሰውነት ነጭ ሴሎች ጥቂቱ ብቻ መሆኑ ነው። የቀረውን የሚሠራው፣ ብርሃን አግኝተው እየሞቱ ወደ ሕመምተኛው የሚመለሱትን ሴሎች አይቶ የሚነቃው የሰውነት መከላከያ እንደሆነ ይታመናል። በዚያ በ1987ቱ ጥናት ሌላ ሕክምና ካልረዳቸው 37 ሕሙማን 27ቱ ለውጥ አሳይተዋል፤ በዓመቱ የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ሕክምናውን ፈቀደ።

ፈውስ ነው ብሎ ማጋነን አይገባም። ብዙውን ጊዜ በወር ሁለት ተከታታይ ቀን እየተመላለሱ በሽታውን የሚያስታግሱበት ሕክምና ነው፤ ፀጉር ግን አያረግፍም።