ርዕስ የሌለው ገጽ

ልጃቸውን ቤት ውስጥ ለማስተማር ለሚወስኑ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ሕጉ ሰፊ ነፃነት ይሰጣል። ሜሪላንድ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ኅብረተሰብ፣ ሥነ ጥበብ፣ ሙዚቃ፣ ጤናና ስፖርት ይሰጥ ትላለች። ቨርጂኒያ ደግሞ እስከ ኦገስት 15 አሳውቁ፣ በዓመቱ መጨረሻም ልጁ ለውጥ ማሳየቱን የሚያረጋግጥ ማስረጃ አቅርቡ ትላለች። በየትኛው መጽሐፍ እንደሚማር ግን ሁለቱም አይወስኑም፤ ምርጫው የወላጅ ነው። ያ ምርጫ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ከማይገባው ቦታ ነው፦ ከሥዕሉ ውበት፣ ከዋጋው፣ ወይም መጽሐፉ የክላሲካል፣ የሻርሎት ሜሰን ወይም የሞንተሶሪ ከሚባለው የማስተማር ዘዴ ወገን ከመሆኑ። እነዚህ ሁሉ ቁም ነገር አላቸው። ከአንድ ዓመት የቤት ትምህርት በኋላ ግን ከሁሉም የማስቀድመው ጥያቄ አንድ ነው። የመልመጃዎቹ አደራደር መልሱን ለልጁ አስቀድሞ ይነግረዋል ወይስ አይነግረውም?

ይህን ጥያቄ የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ከብዙ ዘመን በፊት አስቦበታል። «ሀ ሁ ሂ» እያለ ገበታውን በዜማ የሚወርድ ልጅ ፊደል አወቀ ማለት አይደለም፤ ዜማውን ያወቀም ሊሆን ይችላል። ጣቱን ከገበታው መካከል አንድ ፊደል ላይ ቢያሳርፉት ከ«ሀ» ተነሥቶ ካልወረደ አይደርስበትም። ስለዚህ ቀጥሎ አቡጊዳ ይመጣል፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። እዚህ ላይ ከፊደል ወደ ፊደል ሲታለፍ ቤተሰቡም ድምፁም አብሮ ይለወጣል፤ ዜማው የሚያስታውሰው ነገር ስለሌለ ልጁ እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ ሊያውቀው ይገደዳል። ፊደሎቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው ቅደም ተከተላቸው ብቻ ነው። የተማረውን ከሸመደደው የሚለየውም ይኸው ነው።

አብዛኛው የሒሳብ መጽሐፍ «ሀ ሁ ሂ» ላይ የቆመ ነው። ገጹ ራስጌ ላይ «ማባዛት» የሚል ርዕስ ካለ፣ ልጁ ጥያቄውን ሳያነብ ሁለቱን ቁጥሮች ያባዛቸዋል፤ ትክክልም ይሆናል። ወላጁም ደስ ብሎት ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ያልፋል። ከሁለት ወር በኋላ ማባዛት፣ ማካፈልና መደመር የተቀላቀሉበት ጥያቄ ሲመጣ «ይቺን ተምረናት አልነበር?» የሚል ንትርክ ይነሣል። ስሌቱን ተምሯል፤ ያልተማረው የትኛው ስሌት መቼ እንደሚያስፈልግ ነው፣ ምክንያቱም ያንን ሁልጊዜ ርዕሱ ሲነግረው ኖሯል። የእንግሊዝኛ ፊደል ድምፅ የሚያስተምሩ መጻሕፍትም ከዚህ አያመልጡም። ፊደልንና ድምፅን በሥርዓት አያይዞ ማስተማር እንደሚጠቅም በ2000 የወጣው የአሜሪካ ብሔራዊ የንባብ ፓነል ሪፖርት አሳይቷል፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን የገጹ ቃላት ሁሉ በአንድ ድምፅ የሚጀምሩ ከሆነ፣ ልጁ ከሁለተኛው ቃል በኋላ የቃሉን መጀመሪያ ማየት ይተዋል።

ዳግ ሮረርና ኬሊ ቴይለር በ2007 ያወጡት ጥናት ነገሩን በቁጥር ያስቀምጠዋል። ተማሪዎቹ የተለያዩ ቅርጾችን ይዘት ማስላት ተማሩ። ከፊሎቹ በዓይነት በዓይነቱ፣ ከፊሎቹ አቀላቅለው ተለማመዱ። በልምምዱ ጊዜ በዓይነት የተለማመዱት 89 በመቶ ሲያገኙ የቀላቀሉት 60 በመቶ ብቻ አገኙ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን በዓይነት የተለማመዱት ወደ 20 በመቶ ወረዱ፤ የቀላቀሉት 63 በመቶ አገኙ። እነዚህ የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው ቢባል ትክክል ነው፤ ግን ሁለቱ ተመራማሪዎች በኋላ የአራተኛ ክፍል ልጆች ላይ ያደረጉት ጥናትም የቀላቀሉት ልጆች በማግስቱ ፈተና በብዙ እንደሚበልጡ አሳይቷል። የቤት አስተማሪን የሚያሳስበው የልምምዱ ጊዜ ቁጥር ነው፤ ጎጂው መንገድ በዕለቱ የተሻለ መስሎ ይታያል።

በዚህ መለኪያ ሁለት ታዋቂ የሒሳብ መጻሕፍትን እንይ። የሲንጋፖር ሒሳብ ልጁን ከሚዳሰስ ነገር ወደ ሥዕል፣ ከሥዕል ወደ ቁጥር ይወስደዋል፤ የቃላት ጥያቄን በዘንግ ሥዕል የሚያስረዳበት መንገድ እስካሁን ካየኋቸው ሁሉ የተሻለ ነው። ልምምዱ ግን በምዕራፍ የታሰረ ነው። ጡረታ የወጣው የአየር ኃይል መኮንን ጆን ሳክሰን ያዘጋጀው ደግሞ ለማየት ደረቅ፣ ለማስረዳትም ስስታም ነው፤ በየትምህርቱ ግን ጥቂት አዲስ ጥያቄ ሰጥቶ የቀረውን ካለፉት ይሞላዋል። ብዙ ወላጅ በዓመቱ አጋማሽ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል፤ በዝላዩ መካከል የሚቀር ትምህርት ግን አይጠፋም። እኔ የማምነው በሲንጋፖሩ አስረድቶ በሳክሰን ዘዴ ማለማመድን ነው። ከአዲሱ ምዕራፍ አምስት ጥያቄ፣ ከቀድሞዎቹ ምዕራፎች አሥር ጥያቄ ተለቅሞ ርዕስ ሳይጻፍ ደብተር ላይ ይገለበጣል። የማታ ሩብ ሰዓት ይበቃል። ለፊደልም ካርዶቹን እንደ ካርታ መበወዝ ነው።

የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ። አንደኛው ልጁ ተስፋ ይቆርጣል የሚለው ነው። እውነት አለበት፤ ገና ያልገባውን ነገር መቀላቀል ጭካኔ ነው፣ አቡጊዳም የሚመጣው ከ«ሀ ሁ» በኋላ ነው። ሌላው የአብነት ትምህርት ቤትን አርአያ ማድረግ ሽምደዳን መመለስ ነው ይላል። ዳዊትን በግዕዝ ያነበበ ልጅ ትርጉሙን ሳያውቅ ዓመታት መቆየቱ እውነተኛ ጉድለት ነው፣ ያ ይቅርብን። የፊደል አደራደሩ ጥበብ ግን በዚያ ጉድለት ላይ የቆመ አይደለም። ከሁሉ የሚከብደኝ ልጅ በራሱ ፍላጎት ይመራ የሚለው የጆን ሆልት ሐሳብ ነው። በታሪክና በተፈጥሮ ትምህርት እከተለዋለሁ፤ እሳተ ገሞራ የወደደ ልጅ ሁለት ወር ስለ ኤርታሌ ቢያነብ የሚፈርስ ነገር የለም። ንባብና ሒሳብ ግን አንዱ በሌላው ላይ የሚደረደሩ ናቸው፤ ልጁ ያልወደደው ደረጃ ቢዘለል ከላዩ ያለው ሁሉ ይናጋል።

የመጨረሻው ችግር ልጁ ላይ ሳይሆን ሥራው የሚቀመጥበት ፎልደር ላይ ነው። በሜሪላንድ የትምህርት ቢሮው በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ የልጁን ሥራ ሊያይ ስለሚችል፣ ወላጅ ሁሉም ትክክል የሆነበትን በዓይነት የተሠራ ገጽ ማስገባት ይቀናዋል። በቨርጂኒያ ማስረጃው ፈተና እንዲሆን የመረጠ ወላጅ ደግሞ ልጁ ውጤቱ ከሚመደብባቸው ዘጠኝ እርከኖች ቢያንስ አራተኛው ላይ እንዲደርስ ይጠበቅበታል፤ የዚያ ፈተና ጥያቄዎች ራስጌ ላይ ደግሞ የምዕራፍ ርዕስ የለም። ስለዚህ በላጲስ የተፋቀውና የታረመው የተቀላቀለ ገጽም ቀን ተጽፎበት አብሮ ይግባ፤ በሚቀጥለው ሳምንት የትኛው ትምህርት እንደሚደገም የሚታየው ከዚያኛው ገጽ ነው።