እንጦጦ ላይ የተሠራ ሩጫ

መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ ሲድኒ። የኦሎምፒክ የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ሊጠናቀቅ 250 ሜትር ያህል ሲቀረው ኬንያዊው ፖል ቴርጋት አፈትልኮ ወጣ። ረጃጅም እግሮቹ መሙን ሲበሉት ከኋላው ያለው ኃይሌ ገብረሥላሴ የሚደርስበት አይመስልም ነበር። በመጨረሻው ኩርባ ላይ ክፍተቱ እንዳለ ነው። ቀጥታው መንገድ ላይ ግን በየእርምጃው ትንሽ ትንሽ ጠበበ፤ ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ገጠሙ፤ መስመሩ ላይ ኃይሌ ቀደመ። ሰዓቱ ለኃይሌ 27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ፣ ለቴርጋት 27 ደቂቃ ከ18.29 ሰከንድ አሳየ። አሰፋ መዝገቡ ሦስተኛ ሆኖ ተከተላቸው።

በወርቅና በብር መካከል የነበረው ልዩነት ዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ ነው። በዚያው ኦሎምፒክ የወንዶች 100 ሜትር አንደኛና ሁለተኛ የተለያዩት በ12 መቶኛ ሰከንድ ነበር። ሃያ አምስት ዙር የዞሩት ሰዎች አንዱን ቀጥታ ብቻ ከሮጡት ይልቅ ተቀራርበው ገቡ ማለት ነው።

አብዛኛው ሰው ያንን ሩጫ የሚያስታውሰው በመጨረሻው ትንቅንቅ ነው። እኔን ደጋግሞ የሚያስደንቀኝ ከዚያ በፊት ያለው ነው። ቴርጋት ሲወጣ ኃይሌ ያለውን ሁሉ በአንዴ አላወጣም። ክፍተቱን በአንድ ትንፋሽ ለመዝጋት ቢሞክር ኖሮ ቀጥታው መንገድ ላይ ባዶ እጁን ይደርስ ነበር። እሱ ግን ጉልበቱን ሸርፎ ሸርፎ አወጣው፤ የመጨረሻውን ፍራንክ መስመሩ ላይ ከፈለ። ያውም የቁርጭምጭሚቱ ጅማት እያመመው ነበር የሮጠው፤ ከውድድሩ በኋላ ቀዶ ሕክምና አስፈልጎታል። በእኔ ዓይን የኃይሌ ትልቁ ሙያ ፍጥነቱ አይደለም፤ መቆጠቡ ነው። ያ መቆጠብ ደግሞ እንጦጦ ላይ የተሠራ ነው።

ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ማርያምና ወደ እንጦጦ ራጉኤል የሚወስደው መንገድ ገና ከጅምሩ ትንፋሽ ይፈትናል። ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥታቸውን አዲስ አበባ ላይ ከማጽናታቸው በፊት የተቀመጡበት ተራራ ነው። ስምንት ማዕዘኑ የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንም የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ዙሪያውን የሸፈነው ባሕር ዛፍ ማገዶ ለተቸገረችው አዲስ ከተማ ከውጭ መጥቶ የተተከለ ነው። ጎሕ ሳይቀድ ሯጮች በዚህ ጫካ ውስጥ ተሰልፈው ይገባሉ። የኃይሌ የዘወትር የጠዋት ልምምድም እዚሁ ነበር፤ ከተማው ሳይነቃ ሮጦ ይጨርስና ወደ ቢሮው ይወርዳል፣ ማታ ደግሞ እንደገና ይሮጣል። ሀብትም ዝናም ካገኘ በኋላ ይህ ሥርዓት አልተለወጠም።

የእንጦጦን ልምምድ ጠጋ ብሎ ላየ ሰው የመጀመሪያው ነገር የሩጫው ዝግታ ነው። የዓለም ፈጣን ሰዎች አንዱን ኪሎ ሜትር ከአምስት ደቂቃ በላይ ወስደው ሲያዘግሙ ይታያሉ። ዳገቱን ፊት ለፊት አይገጥሙትም፤ በዛፎቹ መሐል እየተጠማዘዙ ወደ ጎን እየቀለበሱ ይወጡታል። ፊት ያለው ይመራል፣ ሌሎቹ እግሩን ተከትለው በአንድ መስመር ይሄዳሉ፤ ድንጋይ ወይም ጉድጓድ ሲያይ መሪው ለኋለኛው በእጁ ያመለክታል። ወሬ የለም፤ የሚሰማው የረገፈ ቅጠል ኮሽታና እኩል የሚወጣ ትንፋሽ ነው።

ዝግታው ምክንያት አለው። ተራራው ከባሕር ወለል ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ይላል። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሰባ በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ እያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል። ሰውነት ይህን ለማካካስ ቀይ የደም ሕዋሱን ያበዛል፤ ሯጩ ዝቅ ወዳለ አገር ሲወርድ ትርፉን ያገኘዋል። ነገር ግን እንጦጦ ችኩልን አይምርም። ሜዳ ላይ በግማሽ ደቂቃ የሚመለስ ትንፋሽ እዚህ ቶሎ አይመለስም። ያለ ልኩ የፈጠነ ሯጭ የቀረውን መንገድ በሙሉ ይከፍላል፤ በማግስቱም እግሩ አይታዘዘውም። ስለዚህ የፍጥነት ሥራ ለሰንዳፋ አስፋልት፣ ለአቃቂ ዝቅታ፣ ለአዲስ አበባ ስታዲየም መም ይተዋል። እንጦጦ የሚሰጠው ትምህርት አንድ ነው፦ ማድረግ የምትችለውን ሁሉ ዛሬ አታድርግ።

መሬቱም ራሱን የቻለ አሠልጣኝ ነው። ቅጠል የለበሰው አፈር ለጅማት ይለሰልሳል፤ ሥሩና ጠጠሩ ደግሞ ቁርጭምጭሚትን ያጠነክራል። ሁለት አንድ ዓይነት እርምጃ ስለማይገኝ እግር ሳያስብ ማሰብን ይለምዳል። ኃይሌ መም ላይ ሲሮጥ ያየ ሰው ውጤቱን ያውቀዋል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ65 ገደማ ብቻ ነው፤ ግን በእግሩ የፊት ክፍል አርፎ መሬቱን ነካ አድርጎ ይነሣል እንጂ አይረግጠውም። ደረቱ ቀጥ ያለ፣ ጭንቅላቱ የማይወዛወዝ፣ ትከሻው የማይወጣ ነው። አንድ ነገር ብቻ ከሥርዓቱ ወጣ ይላል፦ ግራ እጁ ከቀኙ ይልቅ ወደ ጎኑ ተጠግቶ ይታጠፋል። አሰላ አካባቢ ሕፃን ሳለ 10 ኪሎ ሜትር ወደ ትምህርት ቤት ሲሮጥ ደብተሩን ያቀፈበት እጅ ነው። ያ እጅ ከዚያ ወዲያ አልተቃናም፤ ኃይሌም ሌላውን ሰውነቱን በእሱ ዙሪያ አስማምቶ ኖረ።

ተነሣሽነቱ የመጣው ከዚያው ከአርሲ ነው። በ1972 ዓ.ም. ማርሽ ቀያሪው ምሩጽ ይፍጠር ሞስኮ ኦሎምፒክ ላይ የ5 ሺህና የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ሲያጠልቅ ገና የሰባት ዓመት ልጅ የነበረው ኃይሌ ድሉን በሬዲዮ ሰማ። ከአሥር ልጆች አንዱ ነበር፤ ገበሬው አባቱ ሩጫን እንደ ቁም ነገር አልቆጠሩለትም። ልጁ ግን ሬዲዮ የሰማበትን ቀን አልተወም። በ1985 መባቻ ላይ ሴኡል በተካሄደው የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና ሁለቱንም ርቀቶች አሸነፈ።

እንዲያም ሆኖ ሥራው ገና አልተላገም ነበር። ነሐሴ 1985 ዓ.ም. ሽቱትጋርት ላይ በዓለም ሻምፒዮና የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ኬንያዊውን ሞሰስ ታኑይን ተጠግቶ ሲሮጥ የመጨረሻው ዙር መግቢያ ላይ ተረከዙን ረገጠው፤ የታኑይ ጫማ ወለቀ። ታኑይ በንዴት ባዶ እግሩን ተፈተለከ፣ ኃይሌ በመጨረሻው ቀጥታ ላይ ደርሶ አለፈው። ድል ነበር፤ ግን የሃያ ዓመት ልጅ ድል ነበር፤ ጉልበቱ ከልኩ የቀደመ። ያንን ሩጫና የሲድኒውን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ያየ ሰው ሰባት ዓመት ምን እንደሠራ ይገባዋል። ሲድኒ ላይ የረገጠው ተረከዝ፣ ያባከነው እርምጃ የለም። በመካከል በሥነ ሥርዓት ከማንም ጋር የማይደራደሩት አሠልጣኙ ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ አሉ፤ በመካከል የእንጦጦ ጠዋቶች አሉ።

የልኩ ውበት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ቁጥር ውስጥ ይታያል። ግንቦት 24 ቀን 1990 ዓ.ም. ሄንግሎ ላይ 10 ሺህ ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ22.75 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ለ25 ሲካፈል እያንዳንዱ ዙር 63.3 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ከ12 ቀን በኋላ ሄልሲንኪ ላይ 5 ሺህ ሜትርን በ12 ደቂቃ ከ39.36 ገባ፤ ዙሩ 61 ሰከንድ እንኳ አልሞላም። ሽሮ ሜዳ ላይ ሸማኔ ጥለቱን ሲሠራ ክሩን ቆጥሮ እንደሚጥል፣ ኃይሌም ዙሩን ቆጥሮ ይጥል ነበር። አንዱ ቢላላ ወይም ቢጠብቅ ጠቅላላው ያስታውቃል።

በ1996 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻና ሰኔ መባቻ ላይ ቀነኒሳ በቀለ ሁለቱንም ክብረ ወሰኖች ወሰደበት። ነሐሴ ላይ አቴንስ ኦሎምፒክ መጣ፤ ኃይሌ በጅማቱ ሕመም ልምምዱ ተጓድሎ ነበር። ውድድሩ መካከል ላይ ቀነኒሳና ስለሺ ስህን ፍጥነታቸውን ረገብ አድርገው፣ ዘወር እያሉ፣ ታላቃቸው እንዲደርስባቸው ሲጠብቁ ዓለም አየ። ሊደርስባቸው አልቻለም፤ ቀነኒሳ ወርቁን፣ ስለሺ ብሩን ወሰዱ፤ ኃይሌ አምስተኛ ሆነ። የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው፣ ሁሉንም ያገኘ ሰው፣ እዚህ ላይ ቢያቆም የሚወቅሰው አልነበረም። እሱ ግን ወደ ጫካው ተመለሰ፤ ሙያውን ከመም ወደ አስፋልት አዛወረ።

እዚህ ላይ አንድ የማይነገርለት ነገር አለ። የበርሊን ማራቶን የሚካሄደው በእኛ መስከረም ነው። ልምምዱ ታዲያ የሚወድቀው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው፦ ዝናቡ በማይቆምበት፣ ጉሙ ዛፉን በሚሸፍንበት፣ ጭቃው ጫማውን በሚያከብድበት ክረምት። መስከረም 1 ቀን የቅዱስ ራጉኤል በዓል ሲነግሥ ምዕመኑ አዲስ ዓመትን ይጀምራል፤ ለሯጩ ግን ከባዱን ሥራ ጨርሶ ሰውነቱን የሚያሳርፍበት ጊዜ ነው። ኃይሌ ከዚህ ክረምት ነው የወጣው። መስከረም 19 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ሚሌኒየሙ በገባ በሦስተኛው ሳምንት፣ በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ገብቶ የዓለምን ክብረ ወሰን ከዚያው ከፖል ቴርጋት ተረከበ። በዓመቱ፣ መስከረም 18 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በመስቀል ማግስት፣ እዚያው 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ገባ። ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች ማራቶን የጨረሰ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ ዕድሜው 35 ነበር።

ያ ሩጫ ለእኔ ከሲድኒው ይበልጣል። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር፣ አንዱ ኪሎ ሜትር በአማካይ 2 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ። አሯሯጮቹ አንድ በአንድ ወጥተው፣ የሚከተለው ሰውም ቀርቶ ብቻውን ሲቀር እርምጃው አልተናጋም፤ ሁለተኛው ግማሽ እንዲያውም ከመጀመሪያው ትንሽ ፈጠነ። ማራቶንን እንዲህ መሮጥ የሚችለው መጀመሪያ ላይ ሰውነቱ "ቶሎ በል" ሲለው እንቢ ያለ ሰው ነው። ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ላይ የሚገኘው ጉልበት አምስተኛው ላይ ያልወጣው ነው። ሲድኒ ላይ በ250 ሜትር ውስጥ ያየነው መቆጠብ በርሊን ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተዘረጋ።

ዛሬ እንጦጦ ብዙ ተለውጧል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው ፓርክ ቤተሰቡንም ብስክሌተኛውንም ወደ ጫካው አምጥቷል። ሯጮቹ ግን አሁንም ጎሕ ሳይቀድ ይወጣሉ። ከገጠር የመጡ ናቸው አብዛኞቹ፤ አንድ ጥንድ ጫማ ያላቸው፣ ኮንዲሽናቸውን የሚጠብቁ፣ ዕድላቸውን የሚጠባበቁ። ከኃይሌ ለመማር የሚፈልግ ወጣት ብዙ ጊዜ የሚያጠናው ሰዓቱን ነው፤ 2 ከ3 ከ59ን ግድግዳው ላይ ጽፎ ይተኛል። መጠናት ያለበት ግን ወደዚያ ሰዓት ያደረሰው የጠዋቱ ዝግታ ነው። ጓደኛው ሲፈተለክ ሰልፉን አለመልቀቅን፣ ዳገቱን ጠምዝዞ መውጣትን፣ ትርፍ ጉልበት ይዞ ወደ ቤት መመለስን፣ ማንም በማያጨበጭብበት ቀን በልክ መሥራትን የሚለምደው ሯጭ ነው ውርሱን የሚያገኘው።

ኃይሌን "ተሰጥኦ ነው" ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ግን ሥራውን ይሰርቀዋል። ተሰጥኦ ሽቱትጋርት ላይ ነበር፣ የሌላውን ጫማ እስኪያወልቅ ድረስ። ሲድኒና በርሊን ላይ ያየነው ግን በየማለዳው ተለክቶ፣ ተቆጥቦ፣ ታርሞ የተሠራ ሙያ ነው። ሙያ ደግሞ ከተሰጥኦ የሚለይበት ትልቁ ነገር ሊማሩት መቻሉ ነው።