አምስት ፍሬ በሰፌድ ላይ

ወረታ፣ አክስቴ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሩዝ እየለቀምኩ ነበር። ከመካከሉ አንድ ሽምብራ ብቅ ሲልብኝ ሥራዬን ተውኩና ሰፌዱ ጥግ ላይ ፍሬ መደርደር ጀመርኩ፦ ሩዝ፣ ሩዝ፣ ሩዝ፣ ሽምብራ፣ ሩዝ። ሌላ ሽምብራ ፈልጌ ከሥሩ ያንኑ ሰልፍ ደገምኩት።

«ምን ልትጫወት ነው አንተ ልጅ?» አሉኝ አክስቴ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ላይና ታች የተፋጠጡት ፍሬዎች አንድ ዓይነት ከሆኑ አንድ ይደመራል፤ ከተለያዩ አንድ ይቀነሳል። ሁለቱ ሰልፎች ልክ በልክ ሲገጥሙ ውጤቱ 5 ነው። አሁን የታችኛውን በአንድ ፍሬ ወደ ቀኝ ግፉት። አራት ጥንድ ይቀራል፤ ሁለቱ ይስማማሉ፣ ሁለቱ ይጣላሉ፤ ውጤቱ 0። በሁለት ሲገፋ 1፣ በሦስት 0፣ በአራት 1። ወደ ግራ ቢገፋም ያው ነው። ሰልፉ ራሱን በራሱ ላይ ሲያገኝ በሙሉ ድምፁ 5 ይላል፤ ትንሽ ፈቀቅ ሲል ዝም ይላል፣ ወይም አንድ ብቻ ይተነፍሳል። ሽምብራውን ከአራተኛው ቦታ አንሥታችሁ መሐል ብታስቀምጡት ደግሞ ሥራው ይበላሻል፦ በሦስት ሲገፋ 2 ይወጣል። አንዲት ፍሬ ናት የተንቀሳቀሰችው።

የራዳር ሰዎች እንዲህ ያለውን ሰልፍ የባርከር ኮድ ይሉታል። ሮናልድ ባርከር እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተመው ነው። እስከ ዛሬ ከሚታወቁት ረጅሙ 13 ፍሬ አለው፤ ከዚያ የሚረዝም አልተገኘም።

ጥቅሙ ቀላል ነው። ራዳር ወደ ሰማይ ረጅም ምት ከላከ ጉልበት ያገኛል፤ ማሚቶው ከየትኛው ከፍታ እንደተመለሰ ግን ይደባለቅበታል። አጭር ምት ቦታውን ይለያል፤ አቅም ግን የለውም። ስለዚህ ረጅሙን ምት ይቆራርጡትና ሽምብራው በሚውልበት ቦታ ሞገዱን ይገለብጡታል። ማሚቶው ሲመለስ በዚያው ሰልፍ ይለካል፤ ትክክለኛው ቦታ ላይ ሲደርስ 5 ብሎ ይጮኻል።

ለአውሮፕላን ይህ በቂ ነው። አዮኖስፌር፣ በኤሌክትሪክ የተሞላው የላይኛው የሰማይ ንብርብር፣ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ የሚመልሱት ኤሌክትሮኖች ናቸው፤ ማሚቶአቸው እጅግ ደካማ ነው፤ ደግሞም በመቶዎች ኪሎ ሜትር ውፍረት ተዘርግተዋል። እያንዳንዱ ከፍታ የራሱን ሰልፍ ይልካል። በጎን የቀሩት ትናንሾቹ አንዶች ከየከፍታው ተጠራቅመው እውነተኛውን ያደፈርሱታል። ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ሲያለብሱት የማን ማሳ ውሃ የት እንደደረሰ እንደማይለየው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው የባይሌ ዳምጤን ሥራ የማደንቀው። በኋላ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የሆኑት እኚህ ሰው የዶክትሬት ጥናታቸውን እ.ኤ.አ. በ2004 በፊንላንድ ኦውሉ ዩኒቨርሲቲ ያጠናቀቁት በዚሁ በራዳር ልኬት ዘዴ ላይ ነው። በዚያው ዓመት ከማርኩ ሌህቲነንና ከቱኦሞ ኒግሬን ጋር ያሳተሙት ጽሑፍ የጎኑን ድምፅ ሙሉ በሙሉ ዜሮ ስለሚያደርግ ማጣሪያ ነው። ሰልፉን በራሱ ከመለካት ይልቅ ለእሱ ተብሎ በተሰላ ሌላ ሚዛን ይለኩታል። ጎኑ ጸጥ ይላል፤ ግን በነጻ አይደለም። ሩዝ የሚያበጥር ሰው ያውቀዋል፦ ገለባው ሁሉ ካልወጣ ካሉ ጥቂት ፍሬም አብሮ ይበራል። የእነሱም ጥያቄ ይኸው ነበር፦ ገለባው በሙሉ ወጥቶ ከሁሉ ያነሰ ፍሬ የሚባክነው በየትኛው ሰልፍ ነው? የሚቻሉትን ሰልፎች እያነጻጸሩ ፈለጉት። እኔ ከስሌቱ በላይ የሚማርከኝ ኪሳራውን አለመደበቃቸው ነው፤ ቁጥር ሰጥተው፣ በረድፍ አስቀምጠው፣ አሳይተውታል።

እ.ኤ.አ. በ2009 ከሌህቲነን፣ ከፔቴሪ ፒሮይነንና ከሚኮ ኦሪስፓ ጋር ደግሞ ፍሬው ራሱ እንዲለወጥ ፈቀዱ። ሩዝና ሽምብራ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ አንዱ ምት ጠንከር፣ ሌላው ለስለስ እንዲል ተደረገ። ያኔ ገለባውም ይወጣል፣ ፍሬም አይባክንም። እንዲህ ያለ ፍጹም ኮድ ግን ማለቂያ የለውም፤ ራዳር ደግሞ ለዘላለም አይልክም፤ ጫፉ መቆረጥ አለበት። የተቆረጠውን «ለፍጹም የቀረበ» አሉት፤ ምን ያህል እንደቀረበም ለኩ። በጽሑፉ ርዕስ ላይ ሁለቱም ስሞች ጎን ለጎን ቆመዋል። ጥሩ ሸማኔ የት ላይ ክር እንደበጠሰ ቢጠይቁት እንዲሁ የሚያሳይ ይመስለኛል።

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ክፍል ውስጥ የሕዋና የራዳር ሳይንስ ላቦራቶሪው ስሙ ዋሸራ ነው፤ የጎጃሙ የቅኔ ምድር። ስሙን ያወጣው ሰው ምን እንዳሰበ አልጠየቅሁም። ቅኔ ግን አንዴ ከተዘረፈ አይደገምም፤ ጥሩ ኮድም ከራሱ ጋር የሚገጥመው አንዴ ብቻ ነው።

ከወረታ ባሕር ዳር በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። እዚያ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ የሚማሩት ልጆች የሚያጠኑት ሰማይ ተራ ሰማይ አይደለም። የምድር መግነጢስ ወገብ ከፎገራ በስተ ደቡብ ኢትዮጵያን አቋርጦ ያልፋል፤ በላዩ ቀን ቀን ወደ ምሥራቅ የሚፈስ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ። አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ መግነጢስ ሲለካ፣ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፒየር ጉዊን ጅረቱ አንዳንድ ቀን ተገልብጦ እንደሚፈስ ከመስመሩ ላይ አነበቡ፤ በ1962 ኔቸር መጽሔት ላይ አወጡት። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ደግሞ ከሥር ያለው ኤሌክትሮን የሳሳበት ንብርብር ከላይ ያለውን ኤሌክትሮን የበዛበትን እየበሳ ይወጣል። አክስቴ ምጣድ ላይ ሊጥ ሲያዞሩ ያየ አይቸገርም፤ የእንጀራ ዓይን እንዲሁ ነው የሚወጣው። ልዩነቱ የሰማዩ ዓይን መቶዎች ኪሎ ሜትር መውጣቱና የጂፒኤስን ምልክት ማንቀጥቀጡ ነው።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ በአጭሩ ነገርኳቸው። ጎንበስ ብለው ሰልፎቹን አዩ። የታችኛውን በጣታቸው በአንድ ፍሬ ገፋ አደረጉት፤ ሁለት ስምም፣ ሁለት ጥል። እንደገና በአንድ ገፉት፤ ከንፈራቸው ቆጠራውን ይከተላል።

«በዚህኛው አንድ ተረፈ» አሉ።

«አዎ፣ እሱን ነው ሊያጠፉት የደከሙት።»

ሁለቱን ሽምብራዎች ለቅመው በመዳፋቸው ያዙ፤ ሩዙን ወደ ክምሩ መለሱት።

«ይኼ ከሩዝ ጋር እኩል አይበስልም» ብለው ሰፌዱን ከእጄ ወሰዱ።