የጎተራው ቁልፍ በማን እጅ ነው? ገንዘብ አልባ የጨዋታ ዓለማትን በተመለከተ የቀረበ ሂስ

የምናብ አገር መመሥረት የደራስያን ብቻ ሥራ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተሰኘውን ጨዋታ ካወጡ ወዲህ፣ በጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስቦ አንዱ ዓለሙን ሲተርክ ሌሎቹ ባለታሪኮቹን ሆነው የሚሳተፉበት የሚና ጨዋታ በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። ተራኪው ካርታ ከመሳል አልፎ ሕጉን፣ ሃይማኖቱንና ገበያውን ይደነግጋል። አገር የሚመሠረትበት ሥራ ሁሉ ደግሞ፣ በጨዋታ መልክም ቢሆን፣ ሂስ ይገባዋል።

በዚያ የመጀመሪያ ጨዋታ ሕግ መሠረት ተጫዋቹ ከጥልቁ ዋሻ ይዞት ለወጣው ለእያንዳንዱ የወርቅ ሳንቲም አንድ የልምድ ነጥብ ይታሰብለት ነበር፤ ይኸውም ሀብት ማግበስበስ ራሱ የጀግንነት መለኪያ ሆኖ ነበር ማለት ነው። ይህን አስተሳሰብ ያልወደዱ ነዳፊዎች ገንዘብ የማይታወቅበትን አገር ለመፍጠር መነሣሣታቸውን እንደግፋለን። ነገር ግን በንድፎቻቸው ውስጥ ደጋግሞ የሚታይ አንድ መሠረታዊ ጉድለት አለ፦ ሳንቲሙን ይሰርዛሉ እንጂ በእግሩ የሚተካውን ሥርዓት አያሳዩንም። ገንዘብ የሌለበት ኢኮኖሚ ባዶ ሥፍራ አይደለም። ግዴታ፣ መዝገብ፣ ጎተራ፣ አስገዳጅ ኃይል ያለበት ሌላ ሥርዓት ነው።

ከስሕተቶቹ የመጀመሪያው ገንዘብ ሲወጣ ዕቃን በዕቃ መለወጥ ይገባል የሚለው ግምት ነው። ማረሻ የሚሻ ገበሬ ፍየል እየጎተተ ወደ አንጥረኛው ይሄዳል፤ አንጥረኛው ፍየል ካልፈለገ ታሪኩ ቆመ። የአንትሮፖሎጂ ሊቅ ካሮላይን ሀምፍሪ በ1985 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳስረዱት፣ በዕቃ ልውውጥ ብቻ የቆመ ኅብረተሰብ በጥናት ተመዝግቦ አይታወቅም። በአንድ መንደር የሚኖሩ ሰዎች ይተዋወቃሉ፤ ዛሬ የሰጠ ነገ እንደሚቀበል ያውቃል። የአገራችን ገበሬ በወንፈል የጎረቤቱን ማሳ ሲያርም የሚይዘው የዕቃ ዋጋ ሳይሆን የቀን ቁጥር ነው፤ በደቦ ሲሰበሰብ ደግሞ በጠላና በምግብ ይስተናገዳል እንጂ ደመወዝ አይጠይቅም። በአንጻሩ ከአፋር ዝቅተኛ ምድር እየተቆረጠ ወደ ደጋው ይጋዝ የነበረው አሞሌ ጨው፣ ሳንቲም ባይሆንም፣ ገንዘብ ነበር፤ ከምንጩ በራቀ ቁጥርም ዋጋው ይጨምር ነበር። ስለዚህ ወርቁን በጨው ወይም በዛጎል የተካ ነዳፊ የለወጠው የገንዘቡን መልክ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ የከፋ ነው፦ ገንዘብ ከሌለ ጭቆና የለም ብሎ መደምደም። ካርል ፖላንዪ በ1944 ባወጡት መጽሐፍ ከገበያ ውጭ ያሉ የኢኮኖሚ መንገዶችን ሲተነትኑ፣ በእኩዮች መካከል ያለውን የመረዳዳት ልማድና ወደ ማዕከል ሰብስቦ መልሶ የማከፋፈልን ሥርዓት ለይተው አሳይተዋል። ለሁለተኛው ታላቁ ምሳሌ እስፓኛውያን በ1532 የደረሱበት የኢንካ መንግሥት ነው። ጆን ሙራ በ1956 ለቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት እንደሚያሳየው፣ መንግሥቱ ከሕዝቡ የሚወስደው ሳንቲም ሳይሆን ጉልበት ነበር። ምርቱ በጎተራ ይከማቻል፤ ሒሳቡ ኪፑ በሚባል የገመድ ቋጠሮ ይያዛል። በዋኑኮ ፓምፓ ብቻ 500 የሚያህሉ ጎተራዎች ፍርስራሽ ይታያል። ከዚያ ጎተራ ወታደሩም ሠራተኛውም ይቀለብ ነበር። ነገር ግን ቋጠሮውን የሚያነበው ሹም ነበር፤ ሕዝቦች በመንግሥት ትእዛዝ ከቀዬአቸው እየተነቀሉ በሌላ ምድር ይሰፍሩ ነበር።

ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ገባሩ ለባለ ጉልቱ ማሩን፣ እህሉንና ጉልበቱን ሲገብር ከእጅ ወደ እጅ ያለፈ ብር ላይኖር ይችል ነበር፤ ቀንበሩ ግን በዚህ ምክንያት አልቀለለም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ብሂል ስለ ሹመት እንጂ ስለ ሳንቲም የሚናገር አለመሆኑን ልብ ይሏል።

ከደራስያን ወገን ጉዳዩን በጥልቀት ያዩት ኧርሱላ ለ ጉዊን ናቸው። ያ ጨዋታ በወጣበት በዚያው በ1974 ባሳተሙት «ዘ ዲስፖዘስድ» በተሰኘው ልቦለዳቸው አናረስ የተባለች፣ ገንዘብም መንግሥትም የሌለባት ደረቅ ዓለም ሠርተዋል። ሥራን የሚደለድል ጽሕፈት ቤት አለ፤ የተመደበ ሰው እምቢ የማለት መብት አለው። ሆኖም የፊዚክስ ሊቁ ሼቬክ ሥራው እንዲታተም የበላዩን ፈቃድ መለመን ግድ ይሆንበታል፤ ድርቅ ሲገባም በምደባ ምክንያት ከባለቤቱና ከሕፃን ልጁ ለዓመታት ይለያል። ደራሲዋ ዓለማቸውን ይወዱታል፤ ስለሚወዱትም ጉድፉን አልሸሸጉም። የማተሚያውን በር የያዘ ሰው ያለ አንዲት ሳንቲም ባለሥልጣን መሆን እንደሚችል አሳይተዋል። የጨዋታ ነዳፊዎች ሊማሩ የሚገባቸው ይህንን ነው።

በእውኑ ዓለም የተከፈለውንም ዋጋ መዘንጋት አይገባም። በሚያዝያ 1975 ፕኖም ፔንን የያዙት ክመር ሩዦች ገንዘብን ሻሩ፤ የብሔራዊ ባንኩን ሕንፃ በፈንጂ አፈረሱ። ገበያው ተዘጋ፤ ሕዝቡ በጋራ ማዕድ እንዲበላ ተገደደ። ከዚያ በኋላ የሰው ሕይወት የተንጠለጠለው ጭልፋውን በሚያዘው ካድሬ ፈቃድ ላይ ነበር። አገዛዙ በጥር 1979 እስኪወድቅ ድረስ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል እስከ ሁለት ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ በግድያ፣ በረሃብ፣ በበሽታና በሥራ ብዛት አለቀ። ገንዘብ የተመለሰው በ1980 ነው። ገንዘብ ክፉ ጌታ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በኪሱ ጥቂት ያለው ሰው ቢያንስ የማንንም ፊት ሳያይ ዳቦ ይገዛል። ይህችን ጠባብ ነፃነት የሚሽር ሁሉ በምትኳ የበለጠችውን ማሳየት አለበት።

ከዚህ አኳያ ገንዘብ አልባ ዓለም ለሚነድፍ ሁሉ የምናቀርባቸው ጥያቄዎች አራት ናቸው። መዝገቡን ማን ይይዛል? ጎተራውን ማን ይከፍታል? አልሠራም ያለው ምን ይደርስበታል? ከሩቅ የመጣና ማንም የማያውቀው እንግዳስ በምን ይበላል? እነዚህ ጥያቄዎች የጨዋታውን ደስታ አይቀንሱም፤ እንዲያውም ከዘንዶ ጋር ከሚደረገው ፍልሚያ የበለጠ ታሪክ ይወልዳሉ።

በስደት የምንኖር ተማሪዎች በወረቀት ላይ አገር መንደፍን እናውቃለን፤ የምናልማት አገር ጎተራ ምን ጊዜም ሙሉ፣ ጎተራ ጠባቂዋም ምን ጊዜም ቅን ነው። የጨዋታ ጠረጴዛ ስሕተት ነፍስ ሳያስከፍል የሚታይበት ርካሽ መፈተኛ ነውና አንናቀው። ንድፋችንን ስንጨርስ አንድ ተጫዋች እህል ሊቀበል ወደ ጎተራው ይሂድ፤ ስሙም በመዝገቡ ላይ አይገኝ። አቤት የሚልበት ደጅ ካላዘጋጀንለት፣ የሻርነው ገንዘብን ብቻ ነው።